የቆጣሪው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን «አርጅቷል፣ ይጣል» እንላለን። የችኮላ ፍርድ ነው። ፕሮሰሰሩ በሥራ ተወጥሮ ይሁን ወይስ ከሜሞሪ ዕቃ እስኪመጣለት ቆሞ እየጠበቀ፣ ይህን የሚመሰክር ቆጣሪ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ። ነገ በየወረዳው ት/ቤት ያሉትን ጥቂት ማሽኖች የምንረከበው እኛ ነንና ነገሩን ብናውቀው ይበጃል።

በይርጋጨፌ ወይም በኮቸሬ የእሸት ቡና መፈልፈያ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እሸቱ ሲመጣ ይመዘናል፣ ኪሎው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፕሮሰሰሩም እንዲሁ የሰዓት ምቱን፣ የፈጸመውን ትእዛዝ፣ ካሽ ከተባለው የቅርብ ጎተራ ፈልጎ ያጣበትን ጊዜ ይቆጥራል። በ3 ቢሊዮን ምት 1.5 ቢሊዮን ትእዛዝ ቢፈጸም በአንድ ምት ግማሽ ትእዛዝ ማለት ነው። ለዛሬ ፕሮሰሰር ይህ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቆሞ የመጠበቅ ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ መዝገቡን ማንም እንደልቡ አይገልጠውም። ቆጣሪውን አስነስቶ ምን እንደሚቆጥር የሚነግረው የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ተራ ፕሮግራም በከርነሉ ድራይቨር በኩል ይጠይቃል፤ የሌላውን ሰው ሥራ መቁጠር ምሥጢር ሊያወጣ ይችላልና።

የሰነድ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የኢንቴል ፔንቲየም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ቆጣሪ ነበረው፤ አሠራሩ ግን ለሕዝብ አልተገለጸም። ቴርዬ ማቲሰን የተባለ ኖርዌያዊ ፈልፍሎ አግኝቶት በ1994 «ባይት» መጽሔት ላይ አወጣው። ያልተጻፈ ቆጣሪ ምን ይጠቅማል? በሊኑክስ በኩል ፐርፍ የሚባለው ሥርዓት ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2009፣ በስሪት 2.6.31 ነው። ከዚያ በፊት ፐርፍሲቲአርን ለመሰለ መሣሪያ ከርነሉን ራሱን ለውጦ እንደገና መገንባት ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ በቤተ ሙከራው መዝገብ ምን ይጻፍ? የፕሮሰሰሩ ሞዴል፣ የከርነሉ ስሪት፣ ማሽኑ በአካል ያለ ነው ወይስ በሌላ ማሽን ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ማሽን፣ ከዚያም ፈቃዱ። ፈቃዱን ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ የሚባል ቁጥር ይወስነዋል፤ 2 ከሆነ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም እንጂ የከርነሉን ሥራ አይቆጥርም። ከስሪት 5.8 (2020) ወዲህ ደግሞ ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሳይሰጡ ለመለካት ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

ሰልጣኙን የሚያደናግሩት መልእክቶች ሦስት ናቸው። «ፈቃድ የለህም» ካለ የቁልፍ ነገር ነው። «አይደገፍም» ካለ ድራይቨሩ ያንን ቆጣሪ አላገኘም፤ በምናባዊ ማሽን ላይ ይህ የተለመደ ስለሆነ ማሽኑ ተበላሸ አይባልም። «አልተቆጠረም» ካለ ግን ቆጣሪው ተራ አልደረሰውም።

ይህ የተራ ነገር ሳይታይ ያልፋል። ቆጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ነገር ቁጠሩ ከተባሉ በፈረቃ ይሠራሉ። አንዱ ከጠቅላላው ጊዜ 25 በመቶውን ብቻ ሠርቶ 2 ሚሊዮን ቢቆጥር፣ ፐርፍ በ4 አባዝቶ 8 ሚሊዮን ብሎ ያወጣል። እንግዲህ ይህ ግምት ነው። 8 ሚሊዮኑን ገልብጦ ከጎኑ ያለውን 25 በመቶ የተወ ሰልጣኝ፣ ለተከታዩ ባች ግምትን በቆጠራ ስም አስረከበ ማለት ነው።