አንድ ጽድ በስንት ችግኝ ይተካል?

መንገድ ሊሰፋ ወይም ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ መሐል ላይ ቆሞ መገኘቱ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። በዚህን ጊዜ በቅን ልቡና የሚሰጥ አንድ መልስ አለ፤ «አንዱን ቆርጠን አሥር እንተክላለን» ይባላል። አሥር ከአንድ ስለሚበልጥ መልሱ ለጆሮ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ብዛትና መጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዛት ይቆጠራል፣ መጠን ግን ይለካል። በዚህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ ከተማ ባለ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል ብለን የምናስበውን አንድ ጽድ በቀላል መሣሪያዎች እንለካለን። የዛፉን ቁጥሮች የመረጥናቸው ለስሌቱ ምሳሌ እንዲሆኑ ነው።

ምን እንለካለን?

በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሚሌኒየም ሥነ ምህዳር ግምገማ ተፈጥሮ ለሰው የምትሰጠውን አገልግሎት በአራት ይከፍለዋል። እነርሱም እንደ እንጨትና ፍሬ ያለው አቅርቦት፣ አየርንና ውኃን የማመጣጠን ሥራ፣ ባህላዊ አገልግሎት እንዲሁም ለሌሎቹ መሠረት የሚሆነው ድጋፍ ናቸው። የመናፈሻ ዛፍ በዋነኛነት የሚሠራው ሁለተኛውን ነው። እኛም ካርቦንን፣ ሙቀትንና ውኃን እንመልከት።

ካርቦን

በመጀመሪያ የዛፉ ግንድ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያው በሜትር ይለካል። ዙሪያው 188 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለቁመቱ አንድ ካሬ ወረቀት በሰያፍ አጥፈን የ45 ዲግሪ ማዕዘን እንሠራለን። በሜዳማ ቦታ የዛፉ ጫፍ በዚህ ማዕዘን እስኪታየን ድረስ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ከዛፉ ያለን ርቀት ሲደመር የዓይናችን ከፍታ የዛፉ ቁመት ነው፤ 18 ሜትር ነው እንበል።

ቻቭና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. በሞቃታማው የዓለም ክፍል ከ58 ቦታዎች የተሰበሰበ የ4,004 ዛፎች መረጃ መርምረው አንድ ቀመር አውጥተዋል። በቀመሩ የእንጨቱ እፍግታ፣ የዲያሜትሩ ካሬና ቁመቱ ይባዛሉ፤ ውጤቱ በ0.976 ርቢ ከፍ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በ0.0673 ይባዛል። የጽድን እፍግታ 0.54 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብንወስድ፣ ዛፋችን ከመሬት በላይ 1,830 ኪሎግራም ገደማ ደረቅ ክብደት አለው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ይህም ከአየር ላይ የተወሰደ ከ3 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ችግኙ እንመለስ። ተተክሎ፣ ከፍየልና ከድርቅ ተርፎ፣ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የደረሰ ጽድ በዚያው ቀመር 3.3 ኪሎግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በካርቦን ሚዛን አንዱን ዛፍ የሚያክሉት አሥር ሳይሆኑ 550 ያህል ለጋ ዛፎች ናቸው። ከዚህም በላይ አሮጌው ዛፍ ሥራውን አላቆመም። ዲያሜትሩ ከ60 ወደ 61 ሴንቲሜትር ሲያድግ 60 ኪሎግራም ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ ብቻውን የ18 ለጋ ዛፎች ሙሉ ክብደት ነው።

ሙቀት

አንድ ኪሎግራም ውኃ ከቅጠል ላይ ሲተን 2.45 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። ዛፉ በአንድ ቀን 100 ሊትር ቢያተን የሚወስደው ሙቀት 245 ሚሊዮን ጁል ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ያህል ሙቀት ለማውጣት ከ19 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ መቆየት አለበት። አንድ ዛፍ በትክክል ስንት ሊትር እንደሚያተን ለማወቅ ግራኒየር በ1985 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ያገለግላል። ሁለት መርፌዎች በግንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ አንደኛው ይሞቃል። የሚያልፈው ውኃ በፈጠነ ቁጥር የሞቀው መርፌ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

«እኛ ደገኞች ነን፤ ቅዝቃዜ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ፣ የበጋው የቀትር ፀሐይም ብርቱ ነው። በሌሊት ደግሞ የዛፉ ጥላ እንደ ጋቢ ሆኖ መሬቱ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ጠራው ሰማይ እንዳያጣ ያግዳል፤ ስለዚህ ውርጭ ከዛፍ ሥር ይልቅ በሜዳው ላይ ይበረታል።

ውኃ

በከተማዋ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም በክረምት ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ዲያሜትሩ 8 ሜትር የሆነ የዛፍ አክሊል 50 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የመጀመሪያውን አንድ ሚሊሜትር ቢይዝ 50 ሊትር ውኃ ወደ ቦዩ ከመሮጥ ተገታ ማለት ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፤ እኩል አፍ ያላቸውን ጣሳዎች ከፊሉን ከዛፉ ሥር፣ ከፊሉን ከገላጣው ላይ አስቀምጦ የውኃቸውን ከፍታ ማነጻጸር ነው።

የቁጥሩ ወሰን

ልኬት ስሕተቱንም ሲናገር ነው ሳይንስ የሚሆነው። ክብደቱ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በዙሪያው ልኬት 5 በመቶ ብንሳሳት በክብደቱ 10 በመቶ ያህል እንሳሳታለን። ቀመሩም የተወሰደው ከደን ዛፎች ነው፤ ቅርንጫፉ ለሚከረከም የከተማ ዛፍ ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም። ሌላው አደጋ በአንድ ቁጥር ብቻ መመራት ነው። ካርቦን ብቻ ከተቆጠረ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሁሉንም ይረታል፤ ውኃ የመጠጣት ባሕርዩ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር የሚጠለልበትን ጥላ ደግሞ በሊትርም በኪሎግራምም አንሰፍረውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን የዛሬው ችግኝ የአሮጌውን ዛፍ ሥራ የሚረከበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሚሠራው የቆመው ዛፍ ነው። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻችሁን፣ ተማሪዎችም እርስ በርሳችሁ ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፤ የአካባቢያችሁን ዛፎች ለክታችሁ መዝግቡ። «አሥር እንተክላለን» የሚል ሲመጣ፣ መዝገቡን አውጥታችሁ ስንት እንደሚያስፈልግ አብራችሁ አስሉ።