ከልክ ስላለፈ ፍቅርና ስለ ልብ ወለድ ንባብ

አንባቢ ሆይ! መውደድ ራሱ ነውር አይደለም፤ በባልና በሚስት መካከል መዋደድንና መተዛዘንን ያደረገ አላህ ነውና። ፍቅር ከልኩ ሲያልፍ ግን ዐረቦች «ዒሽቅ» ይሉታል። የቋንቋ ሊቃውንትም ይህን ቃል በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ከሚያደርቅ ሐረግ ስም ጋር ያዛምዱታል። በ751 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የደማስቆው ሊቅ ኢብኑል ቀይም ከልብ በሽታዎች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል።

በደቻቱ ዳር የምትነግድ ወንድሜ ሆይ! ከወንዙ ተማር። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰውም ያለ ስጋት ይመላለስበታል። በደጋው የዘነበው ውሃ ግን ድንገት ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል። ዒሽቅም ከዓይን ርቆ በሐሳብ ይጠራቀማል፤ የሚታወቀው ሱቅ ሲዘጋ፣ ዕዳ ሲበዛ፣ ቤት ሲፈርስ ነው።

የልብ ወለድ ጉዳቱ ይህን በሽታ ክብር አስመስሎ ሲያሳይ ነው። የለይላ ወዳጅ ቀይስ አእምሮውን አጥቶ በበረሓ ተንከራተተ፤ አንባቢው ግን ዕብደቱን ታማኝነት ይለዋል። በአገራችንም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስከ ሞት ደረሱ። ለእነርሱ የሚያለቅስ አባት ግን ልብ ይበል፤ የጋብቻውን በር የዘጋው የአባቷ የዘር ኩራት ነበር።

አሁን በቡኻሪ የተዘገበውን እውነተኛ ታሪክ ተመልከት። በሪራ ከባርነት ነጻ በወጣች ጊዜ ከባሏ ከሙጊስ መለየትን መረጠች። እርሱም በመዲና መንገዶች እያለቀሰ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘኑለት፤ እንድትመለስለትም ጠየቋት። እርሷም ትእዛዝ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ምልጃ ብቻ መሆኑን ባወቀች ጊዜ አልፈልገውም አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። እንግዲህ የወንድ እንባ በሴት ላይ ዕዳ አይሆንም። እንቢታን በመከታተል ማሸነፍ ጀግንነት ነው የሚል መጽሐፍ ልጅህን በደል ያስተምረዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የሚያነቡትን አብራችሁ አንብቡ፤ ስለ ታሪኩም ተወያዩ። ሃይማኖቱና ጠባዩ የተመሰገነ ሰው ልጃችሁን ሲጠይቅና እርሷም ስትወድ፣ በሀብት ማነስ ወይም በዘር አትመልሱት። አልፈልግህም የተባለ ወጣትም መንገዷን ይተውላት፤ ዓይኑን ይጠብቅ፣ ይጹም፣ ብቻውን ከመዋል ይልቅ ወደ ሥራውና ወደ ደጋግ ባልንጀሮቹ ይመለስ። አላህ ልባችንን ከልክ ከማለፍ ይጠብቅልን። አሚን።