የወር አበባ ሲቀር

ውድ እህቶቻችን፣ «የወር አበባዬ ቀረ፤ አርግዤ ይሆን?» እያላችሁ በጭንቀት የምትጠይቁን ብዙዎች ናችሁ። ለማዳም መንገር ያስፈራል፤ ለጓደኛ መንገርም ያሳፍራል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሐኪሞች የሚመክሩትን በአጭሩ እናቀርብላችኋለን።

አስቀድማችሁ ቀን ቁጠሩ። የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን የተለመደ ነው። ጥቂት ቀን ስለዘገየ ብቻ ቀረ አይባልም።

የወር አበባን የሚያስቀሩ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦

1. ጭንቀትና ድካም። አገር መለወጥ፣ የቤተሰብ ናፍቆት፣ እንቅልፍ ማጣት (በተለይ በረመዳን ሌሊት ሲሠራ) የወር አበባን ያዛባሉ።

2. የምግብ ማነስ። ቀኑን ሙሉ እየሠራች የቤቱን ትርፍራፊ ብቻ የምትበላ፣ በዚያም ላይ የምትጾም እህት ክብደቷ ሲቀንስ የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል። የታመመችና የደከመች ስለ ጾሙ ካህኑን ታማክር።

3. የወሊድ መከላከያ መርፌ። ከአገር ስትወጡ በየ3 ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ወስዳችሁ ከሆነ የወር አበባ መቅረቱ የተለመደ ነው። መርፌው ከቆመ በኋላም ለመመለስ እስከ 1 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

4. ሕመም። የእንቅርት ዕጢ ሕመምና የሆርሞን መዛባት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

5. እርግዝና። ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላደረገች ሴት በዚህ አትጨነቅ። ያደረገች ግን ትመርመር።

የሽንት መመርመሪያው በፋርማሲ (ሰይደሊያ) ይሸጣል፤ በዐረብኛ «ፈሕስ ሐምል» በሉ። የወር አበባው ከቀረበት ቀን ጀምሮ፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት መመርመር ይቻላል። «የለም» ቢልና የወር አበባው ባይመጣ ከ1 ሳምንት በኋላ ድገሙት። እርግዝና ሳይኖር 3 ወር ከቀረ ሐኪም ይያችሁ።

«የወር አበባ ያወርዳል» ተብሎ በድብቅ የሚሸጥ ኪኒን ግን አትዋጡ። ደም እየፈሰሳቸው በክፍላቸው ተደብቀው ለሞት የሚደርሱ አሉ። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ብርቱ የሆድ ሕመም፣ መድማት ወይም ራስን መሳት ከመጣ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በምንኖርባቸው አንዳንድ አገሮች ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ውጤቱን ለማዳም ከመናገራችሁ በፊት ከምታምኗት እህት ወይም ከካህን ጋር ተማከሩ።

በኃይል የተደፈረች እህት ጥፋተኛ አይደለችም። የወር አበባዋን እስክታይ አትጠብቅ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና ፈጥና ትንገረን።

ማንበብ ለማትችል እህታችሁ ይህን አንብቡላት።