ድርቅ ሳይደርስ ስለሚደረግ ዝግጅት

በውቅያኖስ ዳር ያሉ አገሮችን የሚመታው ዐውሎ ነፋስ በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ይደርሳል። የእኛ መቅሠፍት ድርቅ ግን በወራት እየተጓዘ ስለሚመጣ፥ አላየነውም ለማለት አይመችም።

ምልክቱ በገበያ ይታያል። ዝናም የቀረበት ገበሬ እህል ለመሸመት ከብቱን ያወጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል፥ የማሽላ ይወጣል። በሬውን የሸጠ ሰው በሚመጣው ዓመት ቢዘንም እንኳ የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ እርዳታ መድረስ ያለበት በሬው ሳይሸጥ ነው፤ ሕዝብ ከተሰደደ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ነፍስ ያድን ይሆናል እንጂ እርሻ አያድንም።

በ1965 ዓ.ም. መንግሥት የወሎን ረኀብ ሸሸገ። በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1976 አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅም፥ ለጋሾች ዘገዩ፤ መንግሥትም በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። እንግዲህ የጠፋው ወሬ አልነበረም፤ ወሬውን ሰምቶ የሚነሣ ባለሥልጣን ነው።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ገበሬው ከብቱን ሳይሸጥ እንዲረዳ የታሰበ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በ2015 ክረምት ዝናም በጃናሞራና በጠለምት ሲያጥር፥ የምግብ እርዳታ በዝርፊያ ምክንያት ተቋርጦ ነበር፤ ግጭቱም መንገዱን አከበደው።

እኛ በፀዳ ግቢ የምንማር ግን በየሳምንቱ የበሬና የማሽላ ዋጋ መዝግበን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ብንሰጥ፥ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል።