አገር ለማየት በባቡር

የሚዛንና የቴፒ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ የሚወጣው ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ነው። አገር ለማየት ብቻ መሄድስ ነውር ነው እንዴ? ለእኔ አይመስለኝም።

ባቡር እዚህ አልደረሰም። አሮጌው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከአዲስ አበባ ሲነሡ ይበርዳል፤ ጋቢ ያሻል። አዋሽ ሲደርሱ ጋቢው ይወልቃል። ከሚዛን ወደ ቴፒ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምር የለ? እንደዚያው ነው፣ ግን የባሰ። በመስኮት ሲያዩ የጤፉ ማሳ ያልቅና ግራርና ግመል ይመጣል። ደን ለለመደ ዓይን ይህ ጉድ ነው!

በየጣቢያው የተጻፈውን ስም እናንተው አንብቡት፤ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። «ወንድሜ፣ የት ደረስን?» እያሉ ሰው መለመን ቀረ።