«ሞትኩ፣ አንሳኝ!»፦ ከስልክ ጨዋታ እስከ ሞት ቅጣት የደረሰ የአማርኛ ትምህርት

የዛሬው የአማርኛ ትምህርት የሚጀምረው ከስልክ ጨዋታ ነው። የሚያልቀው ደግሞ እኔም ባላሰብኩት ቦታ፣ የሞት ቅጣት ላይ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነው፤ የምማረው ነርሲንግ ነው። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። «ብዪ»፣ «ተነሺ»፣ «በሩን ዝጊ» ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ወሬው ከበድ ሲል ግን ቃል ያጥረኛል። በቅርቡ ቃል ያጠረኝ በማይገባ ሰዓት ስለነበር ይህን ጻፍኩ። እንደ እኔ ለሚቸገር ይጠቅም ይሆናል።

1. አራት ከተማ፣ አንድ ቡድን

ቅዳሜ ማታ ፐብጂ እንጫወታለን። ቡድኑ የሚይዘው አራት ሰው ነው፤ እኛም አራት ነን። የምንጠራራው በከተማችን ስም ነው፦ ዳላስ፣ ቶሮንቶ፣ አዲስ፣ እኔ ደግሞ ኢንግልዉድ። በዚህ ወቅት እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሻዩን እየጠጣ ይጫወታል። ሕጋችን አንድ ነው፦ በአማርኛ ብቻ። እንግሊዝኛ ያመለጠው ሰው የራስ ቁሩን አውልቆ ለጓደኛው ይሰጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ያለ ራስ ቁር ነኝ።

ወሬያችን ተራ ወሬ ነው። ቶሮንቶ ድፎ ዳቦ መጋገር ጀምራለች። ዳላስ ከአባቱ ጋር አሮጌ መኪና ይፈታታል። አዲስ ሰፈሩ ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ማን ማንን እንዳሸነፈ ይተርካል። ኢንግልዉድ ደግሞ ወደ ኤልኤኤክስ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በላያችን ስለሚያልፉ ድምፃቸው በማይኬ ይገባል። አዲስ በየጊዜው «ቦሌ ነው እንዴ የምትኖሪው?» ይለኛል።

አንድ ማታ «ግደለው! ግደለው! ወይኔ ሞትኩ፣ አንሳኝ!» እያልኩ ስጮህ እናቴ በሩን ከፍታ «በስመ አብ! ማንን ነው የምታስገድዪው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን አባባሏ ከነከነኝ። እናቴ «የምትገድዪው» አላለችም። እኔ ስልኬ ውስጥ ወድቄ እየጮህኩ ነበር፤ የሚተኩሰው ዳላስ ነበር። «የምታስገድዪው» ስትል ሳታስበው ትክክለኛውን ግስ መርጣለች።

2. አንድ ግስ በብዙ መልኩ

እስቲ ግሱን እንየው።

ሞተ። በአማርኛ ሞት የቀን ተቀን ቃል ነው። ስንወድ «ልሙትልህ» እንላለን፤ ስንምል «እናቴ ትሙት» እንላለን። በጨዋታው ውስጥ «ሞትኩ» ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ የወደቅን ነን እንጂ አልሞትንም፤ ጓደኛ ደርሶ ሊያነሳን ይችላል። ትክክሉ «ወደቅኩ፣ አንሺኝ» ነው። በቡድናችን የማንሳት ሥራ የእኔ ነው፤ ነርሷ ነኝና።

ገደለ። አድራጊው ይታወቃል። የሚገርመው ነገር፣ በፉከራና በሽለላ «ገዳይ» የምስጋና ቃል ነው፤ የጀግና ስም ነው። ወንጀለኛውን ለመለየት ቋንቋው አንድ ቃል ይጨምራል፦ «ነፍሰ ገዳይ»።

ተጋደለ። እርስ በርስ ነው። የእኛ ጨዋታ በሙሉ መጋደል ነው፤ ሁሉም መሣሪያ ይዟል፣ ሁሉም ዕድል አለው።

ተገደለ። የተደረገበት ሰው ይታያል፤ ያደረገው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ሊጠፋ ይችላል።

አስገደለ። ትእዛዝ የሰጠው አንድ ነው፤ እጁን ያነሳው ሌላ ነው። «አስ» የምትለው ትንሽ ክፍል በመሀል ሰው ታስገባለች።

እዚህ ላይ «አስ»ን አስታውሷት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

3. ወሬው እንዴት እዚያ ደረሰ

ከሁለት ሳምንት በፊት ዙሩ እስኪጀምር ስንጠብቅ ዳላስ ምን እያጠናሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። የመድኃኒት ትምህርት ፈተና እንዳለብኝ ነገርኩት፤ ስለ ፖታስየም ክሎራይድ እያነበብኩ ነበር። ልብ በትክክል እንዲመታ ፖታስየም ያስፈልጋል፤ ያልተበረዘውን በቀጥታ ወደ ደም ሥር መግፋት ግን ልብን ያቆማል። ከመጀመሪያ የሚያስተምሩን ነገር ነው፦ ሁልጊዜ ተበርዞ፣ በዝግታ።

«በፊት ለሞት ቅጣት ይጠቀሙበት የነበረው አይደል?» አለ ዳላስ።

ልክ ነበር። ከዚያ ወሬው ያዘን። አራታችንም በአራት ሕግ ሥር እንደምንኖር ያወቅነው ያን ማታ ነው።

ዳላስ፦ ቴክሳስ የሞት ቅጣት ይፈጽማል፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ ከየትኛውም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የበለጠ ሰው በሞት ቀጥቷል። በመርፌ የሚፈጸም የሞት ቅጣት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመውም እዚያው በ1982 ነው።

ቶሮንቶ፦ ካናዳ በ1976 የሞት ቅጣትን ከወንጀል ሕጓ አውጥታለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የተሰቀለው በ1962 ነው።

ኢንግልዉድ፦ ካሊፎርኒያ ሕጉ አላት፤ ግን አትፈጽምም። የመጨረሻው በጥር 2006 በሳን ክዌንቲን ተፈጽሟል። በ2016 ይቅር ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ መራጩ ይቆይ አለ። በመጋቢት 2019 ገዢው ጋቪን ኒውሰም አፈጻጸሙን አገዱ፤ በዚያን ጊዜ ፍርዱን የሚጠብቁ 737 እስረኞች ነበሩ።

አዲስ፦ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል። ገደብ ግን አለው፦ ወንጀሉ እጅግ ከባድና የተፈጸመ መሆን አለበት፤ አጥፊው ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ርዕሰ ብሔሩም ማጽደቅ አለበት። በሕዝብ ፊት መስቀል የተከለከለ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም በጽኑ የታመመ ሰው በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ፍርዱ አይፈጸምበትም።

አዲስ ስለ ስቅላት ሲያነሳ ቶሮንቶ «ሰቃዩ ማን ነው ታዲያ?» አለችው። አዲስ በሳቅ ፈነዳ፤ «እኛ ጋ ሰቃይ ማለት ጎበዝ ተማሪ ነው!» አለ።

እየሳቅን ሳለ እኔ ከትምህርት ቤት የያዝኩትን ተናገርኩ። ነርስ በሞት ቅጣት ላይ እጇን ማስገባት እንደሌለባት፣ የሞት ፍርደኛም ሰው እንደሆነ፣ እንዲህ እንዲህ። ዳላስ ዝም አለ። ቆይቶ አጎቱ ነዳጅ ማደያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ በዘራፊ እንደተገደለ ነገረን። ለሁለት ዓመት አብረን ስንጫወት አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ከዚያ «አንቺ ለገዳዩ ነው የምታዝኚው?» አለኝ።

መልስ ነበረኝ፤ በአማርኛ ግን አልነበረኝም። በእንግሊዝኛ «አይ አም ሶሪ» አልኩ። ማንም የራስ ቁርሽን አውልቂ አላለኝም። ዙሩ ሳይጀመር ዳላስ ወጣ።

4. አያቴ ያስተማሩኝ

በማግስቱ ቡና ሲፈላ አያቴን ጠየቅኳቸው። «በኢትዮጵያ የሞት ቅጣት ሲባል መጀመሪያ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ስልሳዎቹን» አሉኝ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና ሌሎች ሰዎችን ያለ ፍርድ በአዲስ አበባ ረሸነ። አያቴ ያኔ ወጣት ነበሩ።

«እሱ ቅጣት አይደለም ልጄ» አሉ። «ቅጣት ፍርድ ይቀድመዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ደግሞ ተገደለ እንኳ አይባልም ነበር፤ እርምጃ ተወሰደበት ነበር የሚባለው። ማን ወሰደ ብለሽ አትጠይቂም።»

«እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ሰዋስው እዩት። «ተገደለ» ቢያንስ ሰው መሞቱን ይነግረናል። ይኼኛው ሟችንም ገዳይንም ይደብቃል።

ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም። የደርግ ባለሥልጣናት ረጅም የፍርድ ሂደት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በሌሉበት፣ በሌሎች ባለሥልጣናትም ላይ ሞት ፈረደ። በ2011 ግን የ23ቱ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስልሳዎቹ ያላገኙት የፍርድ ቤት ክርክር፣ ይግባኝና የቅጣት መለወጥ ለእነዚህ ተሰጥቷል። አያቴ «ጥሩ ሆነ» አላሉም፤ «ከፋም» አላሉም። «ደም በደም አይታጠብም ይባላል፤ ግን የሞተባት እናት ስትሰማው አይጥማትም» ነው ያሉት።

ከአያቴ ጋር የለየናቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፦

ፍርድ እና ቅጣት። ፍርድ የዳኛው ውሳኔ ነው፤ ቅጣት በሰውየው ላይ የሚፈጸመው ነው። ብዙ ሰው «የሞት ፍርድ» ተፈርዶበት «የሞት ቅጣት» ሳይፈጸምበት ይኖራል።

ይግባኝ። የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ በበላይ ፍርድ ቤት እንደገና እንዲታይለት የሚያቀርበው ነው።

ይቅርታ እና ምሕረት። በቤት ቋንቋ አንድ ይመስላሉ። በሕግ ግን ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ማስቀረት ወይም ማቃለል ነው፤ ምሕረት ክሱንም ጥፋቱንም እንዳልነበረ ያደርጋል።

አስፈጻሚ። በሕግ ሞትን የሚፈጽመው ሰው «ገዳይ» አይባልም። እዚህም «አስ» አለች።

5. «አስ» እና እኔ

በሞት ቅጣት ሰንሰለት ውስጥ ዳኛ ይፈርዳል፣ ባለሥልጣን ያጸድቃል፣ የወህኒ ቤቱ ኃላፊ ያዛል። ሁሉም «አስገደለ» በሚለው ግስ ውስጥ መቀመጫ አላቸው። መርፌ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ ደም ሥር የሚያገኝ እጅ ያስፈልጋል። ደም ሥር ማግኘት ደግሞ በዚህ ሴሚስተር የተማርኩት ሥራ ነው።

በየካቲት 2006 ሳን ክዌንቲን ውስጥ የሆነው ይህን ያሳያል። ማይክል ሞራሌስ የ17 ዓመት ልጃገረድ ገድሎ ሞት የተፈረደበት ሰው ነው። ጠበቆቹ በመርፌው ሥቃይ ሊኖር ይችላል ብለው ስለተከራከሩ ሁለት የማደንዘዣ ሐኪሞች በቦታው እንዲገኙ ተወሰነ። ሰውየው ቢነቃ እጃቸውን ማስገባት ሊጠበቅባቸው እንደሚችል ሲረዱ ግን ሰዓታት ሲቀሩት ሐኪሞቹ አንገኝም አሉ። ቅጣቱ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያ አንድም የሞት ቅጣት አልተፈጸመም። ዳኛም ገዢም ሳይከለክል በፊት፣ ያን ሌሊት ነገሩን ያቆመው የሁለት ሐኪሞች «እኔ አይደለሁም» ማለት ነው።

የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም በ2016 ባወጣው አቋሙ ነርስ በሞት ቅጣት ላይ መሳተፍ የለባትም ይላል፤ ቅጣቱንም ራሱን ይቃወማል። ምክንያቱ ገዳዩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሽተኛ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ይህች እጅ ለማዳን ብቻ እንደምትመጣ ማመን ስላለበት ነው።

6. ለዳላስ ያልኩት

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ለብቻው ደወልኩለት። አያቴ «መጀመሪያ ሐዘኑን ድረሺለት፤ ክርክሩ ኋላ ይደርሳል» ብለውኛል። ስለዚህ «አጎትህን ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጥናህ። ያን ቀን ይህን ሳልል ስለቀረሁ ይቅርታ» አልኩት። ለሁለት ዓመት ስናወራ የእንጀራ እናት እንኳ እንዳለችው አውቅ ነበር፤ ሐዘን እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀስ ብዬ ሐሳቤን ነገርኩት፦ «ለገዳዩ አላዝንም። አጎትህ ተገደለ ብቻ ተብሎ እንዲቀርም አልፈልግም፤ የገደለው ይታወቅ፣ ይፈረድበት። ግን እኔ እንድገድልለት ማንም ሊያዘኝ አይችልም።»

ዳላስ አልተስማማም። «አንቺ አትንኪው፤ ሌላ ሰው ይፈጽመው» አለ። «ያ ሌላ ሰው ማን ነው?» አልኩት። «አላውቅም» አለ። እዚያ ላይ ተውነው። ማታ አራታችንም ገባን፤ ገና ዙሩ ሳይሞቅ ወደቅኩ፤ መጥቶ ያነሳኝ ዳላስ ነው።

መልመጃ

በሚቀጥለው ስብሰባችን አብረን እንወያይባቸው፦

1. «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አድራጊውም ተደራጊውም እንዲታወቅ አድርጋችሁ ጻፉት።
2. ከቤተሰባችሁ አንድ ታላቅ ሰው በይቅርታና በምሕረት መካከል ያለውን ልዩነት ጠይቁ። መልሱን በእሳቸው ቃል ጻፉ።
3. የምትኖሩበት ክፍለ ግዛት ወይም አገር ስለ ሞት ቅጣት ምን ይላል? በአማርኛ ብቻ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
4. ሐዘን ለደረሰበት ጓደኛ በአማርኛ የምትሉትን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ቃሉ የሚያስፈልጋችሁ ቀን ለመፈለግ ጊዜ አይኖራችሁም።

እንግሊዝኛ የተናገረ የሁላችንን ቡና ይከፍላል።