ከማነጣጠር በፊት መለየት፦ በደካማ ብርሃን ራስን ለመከላከል የሚያገለግል የሽጉጥ ማነጣጠሪያና መብራት አመራረጥ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በደካማ ብርሃን ራስን ወይም ሌላን ሰው ለመከላከል ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ማነጣጠሪያና መብራትን በምን ቅደም ተከተልና በምን መመዘኛ ሊመርጥ እንደሚገባ ይመረምራል። የዓይንን ተፈጥሮ፣ የመሣሪያዎቹን አሠራርና በዩናይትድ ስቴትስ የተፈጸሙ ሁለት ድርጊቶችን መነሻ በማድረግ፣ በምርጫው መብራት ከማነጣጠሪያ መቅደም እንዳለበት ያሳያል።

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1999፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ አራት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች በሚኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ በነበረው በአማዱ ዲያሎ ላይ 41 ጥይት ተኮሱ፤ ከእነዚህም 19ኙ መቱት። ፖሊሶቹ በእጁ ሽጉጥ ያየን መስሎን ነበር ሲሉ አስረዱ፤ የተገኘው ግን የኪስ ቦርሳ ነበር። በ2000 ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ። ጉዳዩ የፖሊስን አሠራርና የዘር አድልዎን የሚመለከቱ ሰፊ ክርክሮችን አስነሥቷል፤ መንስኤውን በብርሃን እጥረት ብቻ ማስረዳትም አይቻልም። ሆኖም ለመሣሪያ ምርጫ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። በእጅ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ በትክክል ማነጣጠር ስሕተቱን የበለጠ ገዳይ ከማድረግ በቀር ምን ይጠቅማል?

2. ዓይን በጨለማ

የሰው ዓይን ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። ሾጣጣ ሕዋሳት በቂ ብርሃን ሲኖር ቀለምንና ዝርዝርን ይለያሉ፤ ዘንግ ሕዋሳት ደግሞ በደካማ ብርሃን ቅርጽንና እንቅስቃሴን ይይዛሉ። ዓይን ከደማቅ ስፍራ ወደ ጨለማ ሲገባ ሾጣጣዎቹ በ10 ደቂቃ ገደማ ሲላመዱ፣ ዘንጎቹ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በሬቲናው እምብርት ዘንግ ሕዋሳት ስለሌሉ፣ በጽኑ ጨለማ አንድን ነገር ትኩር ብሎ ማየት ነገሩን ከእይታ ሊሰውረው ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጨለማን የተላመደ ዓይን አንድ ሰው መኖሩን ሊያውቅ ይችላል፤ ሰውየው የያዘው ስልክ ይሁን ጩቤ ግን ለመለየት ይቸገራል።

3. ሦስት የብርሃን ደረጃዎችና ማነጣጠሪያ

ሁኔታዎቹን በሦስት መክፈል ለምርጫው ይረዳል። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውየውም ማነጣጠሪያውም ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ ተራው የብረት ማነጣጠሪያ ይበቃል። በሁለተኛው ደረጃ ሰውየው ይለያል፤ ጥቁሩ ማነጣጠሪያ ግን ከጨለማው ጋር ይመሳሰላል። በሦስተኛው ደረጃ ሰውየው ራሱ አይለይም።

የትሪቲየም ማነጣጠሪያ ጥቅም ያለው በሁለተኛው ደረጃ ነው። በትንሽ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የታሸገው ትሪቲየም የሚያመነጨው ጨረር ቱቦው ውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ያበራዋል፤ ባትሪም አያስፈልገውም። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ማነጣጠሪያ ከመነሻ ብርሃኑ ግማሽ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ገዢ የምርቱን ዓመት ማየት ያለበት ስለዚህ ነው።

የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ሌላ ችግር ያቃልላል። በብረት ማነጣጠሪያ የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ መስመር ማገናኘት ያስፈልጋል፤ በጨለማ የዓይን ብሌን ሲሰፋ ደግሞ ሦስቱን አጥርቶ ማየት ይበልጥ ይከብዳል። ነጥቡ በሩቅ ያለ መስሎ ስለሚታይ ተመልካቹ ዓይኑን ከሰውየው ሳያነሣ ያነጣጥራል። ነገር ግን ነጥቡ ከልክ በላይ ከደመቀ ዒላማውን ይሸፍናል፤ በጣም ከደበዘዘም መብራት ሲበራ ይጠፋል። ስለዚህ የነጥቡ ድምቀት መስተካከል ያለበት መብራቱ በርቶ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ የትኛውም ማነጣጠሪያ አይረዳም። መብራት ሲበራ ግን የብረት ማነጣጠሪያው በበራው ዒላማ ላይ እንደ ጥቁር ጥላ ጎልቶ ይታያል። መብራት ማነጣጠሪያን ሊተካ ባይችልም እንዲታይ ያደርገዋል፤ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ግን የመብራትን ሥራ አይሠራም።

4. የመብራት መመዘኛዎች

በማሸጊያ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል። ካንዴላ ግን ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ያመለክታል። በዒላማው ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ማለትም ሉክስ፣ ካንዴላን ለርቀት ካሬ በማካፈል ይገኛል። 10,000 ካንዴላ ያለው መብራት በ10 ሜትር 100 ሉክስ፣ በ20 ሜትር ደግሞ 25 ሉክስ ይሰጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ሰፊ ግቢ ለሚጠብቅ ሰው ካንዴላ ይመዝናል። በጠባብ ቤት ውስጥ ግን ከነጭ ግድግዳ የሚመለስ ጠንካራ ብርሃን የባለቤቱን ዓይን ስለሚያሳውር፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነ መጠነኛ ብርሃን ይመረጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ መብራቱ የት ይሁን የሚለው ነው። በሽጉጥ ላይ የተገጠመ መብራት ሁለቱም እጆች መሣሪያውን እንዲይዙ ያስችላል። ጉዳቱ መብራቱ በዞረበት አፈሙዙም መዞሩ ነው። በጨለማ የተሰማ ኮቴ የልጅ ወይም የእንግዳ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ መብራት መፈለግ ማለት በማይታወቅ ሰው ላይ መሣሪያ መደገን ነው። በተጨማሪም ማብሪያውን ለመጫን ሲሞከር ቃታ የተሳበባቸው አጋጣሚዎች በዩናይትድ ስቴትስ ተዘግበዋል። በመሆኑም መፈለግና መለየት የእጅ ባትሪ ተግባር ሲሆን፣ በሽጉጥ ላይ ያለው መብራት መሣሪያ ማውጣትን የሚያስገድድ ምክንያት ከተረጋገጠ በኋላ የሚያገለግል ረዳት ነው። የእጅ ባትሪን ወደ ወለል ወይም ወደ ጣሪያ አብርቶ በተንጸባረቀው ብርሃን እጅን መመልከትም ይቻላል።

5. የመብራት ወሰን

መብራት መረጃ ይሰጣል እንጂ ውሳኔ አይሰጥም። በ1974 ምሽት በሜምፊስ ከተማ ፖሊስ ኤልተን ሃይመን በእጅ ባትሪው የ15 ዓመቱን የኤድዋርድ ጋርነርን ፊትና እጆች አይቶ መሣሪያ አልያዘም ብሎ በአመዛኙ አምኖ ነበር። ልጁ አጥር ሊዘል ሲል ግን ተኩሶ ገደለው። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በሰጠው ውሳኔ፣ የሚሸሽ ተጠርጣሪ ለሞት ወይም ለከባድ የአካል ጉዳት የሚዳርግ አደጋ እንደሚያደርስ ለማመን በቂ ምክንያት ከሌለ ገዳይ ኃይል መጠቀም እንደማይቻል ወሰነ። በዲያሎ ጉዳይ የጎደለው መለየት ነበር፤ በጋርነር ጉዳይ ግን የታየው ነገር እጅን አልገታም።

6. ማጠቃለያ

የምርጫው ቅደም ተከተል ከእነዚህ ነጥቦች ይመነጫል፤ አስቀድሞ ለቦታው ስፋት የሚመጥን የእጅ ባትሪ፣ ቀጥሎ ያ ባትሪ ሲበራም ሲጠፋም የሚታይ ማነጣጠሪያ፣ በመጨረሻም በቂ ልምምድ ላደረገ ሰው ብቻ በመሣሪያው ላይ የሚገጠም መብራት። ሥልጠናም ይህንኑ ቅደም ተከተል መከተል ይኖርበታል። ሠልጣኝ በጨለማ ዒላማ መምታቱ ብቻ ሳይሆን፣ የኪስ ቦርሳና ስልክ የያዙ ምስሎች ሲቀርቡለት ከመተኮስ መታቀቡም ሊመዘን ይገባል።